ቶሎ የበሰለ ሙዝ

ለምወድሽ እህቴ ለእትዬ ብርሃነሽ፤

ከሐይቃችን ነፋስ ቀዝቀዝ ያለውን ለድሬዳዋ ሙቀት እየላክሁልሽ፣ እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? የጋሼ ታምሩ ሳል፣ የኢዮስያስ ትምህርት፣ የአማትሽ ዓይን እንዴት ነው? እኔና ልጄ ሮሆቦት ጌታ ይመስገን፣ ጤናችን ደህና ነው። ልቤ ግን ደህና አይደለም። ለማን ልናገረው ብዬ ወዳንቺ መጣሁ።

ሮሆቦት ዘንድሮ አስረኛ ክፍል ናት። የኬሚስትሪ መጽሐፏ በእንግሊዝኛ ስለሆነ እሷ በአማርኛ ትፈታልኛለች፣ እኔ ሙዝ እየለየሁ እሰማለሁ። አንድ ነገር ወደ ሌላ የሚለወጥበት ፍጥነት ምክንያት አለው ይላል። ሙቀት ሲጨምር ዓይን የማያያቸው ቅንጣቶች እየተሯሯጡ ይጋጫሉ፣ ለውጡም ይፈጥናል። ያንቺ ሊጥ ባንድ አዳር ኩፍ ሲል የኔ በክረምት የሚለግመው ለዚህ ነው። ጭራሮ ከግንድ ቀድሞ የሚነደው ደግሞ እሳቱ የሚይዘው ገጹ ስለሚበዛ ነው። ራሱ ሳያልቅ ሌላውን የሚያፋጥን አጋዥም አለ። ሟቹ ባለቤቴ በርናባስ ጥሬውን ሙዝ በኮባ ቅጠል ሸፍነን፣ መሀሉ ጥቂት የበሰለ ጨምረን ቤቱን እንድንዘጋ ያስተማረን ትዝ አለኝ። ለካ ከበሰለው የሚወጣው አየር ነው ጥሬውን የሚጎትተው። ፊደል በራሷ የለቀመች ሴት እንዲህ ያለ ነገር ሲገባት እንዴት ደስ እንደሚላት ታውቂያለሽ።

ደስታዬን ለዘነበች አወራኋት። ዘነበችን ታውቂያታለሽ፤ በርናባስ ሲሞት እስከ አርባው ከጎኔ ያልተለየች፣ የሙዝ ማብሰያ ቤቱን አብራኝ የያዘች ናት። «እስቲ ያንን የሚያፋጥነውን ድገሚልኝ፣ መምህርት» እያለች ትቀልድብኝ ነበር። እኔም ደገምኩላት።

አንድ ቀን ቤቱን ስከፍት የነጭ ሽንኩርት ሽታ ተቀበለኝ። ቅጠሉን ሳነሳ በወረቀት የተጠቀለለ ግራጫ ድንጋይ አገኘሁ፤ በያጆች ውሃ አስነክተው ጋዝ የሚያወጡበት፣ ካርባይድ የሚሉት ነው። እርጥበት ሲያገኝ የሚያወጣው ጋዝ ልጣጩን በቶሎ ቢጫ ያደርገዋል፤ ሆዱ ግን ጥሬ ይቀራል፣ ድንጋዩም ከመርዝ የጸዳ አይደለም። ስጠይቃት ሳቀች። «አጋዥ ካለ ይፈጥናል ያልሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ? የአርባ ምንጩ የሙዝ መኪና በላይ በላይ ሲመጣ ያንቺን ቀስታ ማን ይጠብቃል?» አለችኝ። ተቆጣኋት። ሁለተኛ አይለምደኝም ብላ እጄን ሳመች፤ አመንኳት።

እሷ ግን አልተወችም። ታቦር ሰፈር ከኛ ወስዳ የምትቸረችረው ገበያነሽ የሸጠችላቸው ልጆች አፋቸው ተላጠ፣ ሆዳቸውን ቆረጣቸው። ጌታ ረድቷቸው ድነዋል። የእድራችን ሰብሳቢ አቶ ጌታቸው ሽማግሌዎች ይዘው ጠሩን። ዘነበች ነጠላዋን አጣፍታ ቆመችና፣ «እኔ ፊደል አልቆጠርኩ፤ ድንጋይ ከድንጋይ አለይም። ኬሚስትሪ የምታነበው ደብሪቱ ናት፤ ታውቃለች ብዬ ያለችኝን አደረግሁ» አለች። ዓይኔን እያየች ነው ያለችው፣ እትዬ። ሁሉም ወደኔ ዞሩ። አንዱማ፣ «ይሄ መጽሐፍ መጽሐፍ ማለትሽ ለዚህ ኖሯል?» አለኝ። ጥፋቱን ተቀብዬ ይቅርታ እንድጠይቅ፣ ቤቱንም ለዘነበች እንድለቅ ፈረዱ። የምለው ካለኝ ግን እሑድ ከጸሎት በኋላ እንድናገር ቀን ሰጡኝ።

የሰውን ጠላትነት እችላለሁ፤ እንባዬን የጠረገች እጅ ስትገፋኝ ግን መቆሚያ አጣሁ። ያለችውም ሁሉ ውሸት ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ያወራኋት እኔ ነኛ።

ምን ላድርግ ብዬ ልጠይቅሽ ነበር የተነሳሁት። ነገር ግን ፖስታ ድሬዳዋ ደርሶ መልስሽ እስኪመጣ እሑድ ያልፋል። እናታችን ታማ ስትጠራኝ «ይሄን ጭነት ላስረክብና» ብዬ የደረስኩት ከቀብሯ በኋላ ነው። አንቺ አንድም ቀን አላነሳሽብኝም፤ እኔ ግን ሙዝ በሸፈንኩ ቁጥር አነሳዋለሁ። ከእንግዲህ አልዘገይም። ሳሎኔ ጥግ በርናባስ እንዳሳየን አንድ ዘለላ ሸፍኛለሁ። ዛሬ ስጫነው ገና ጠንካራ ነው፤ ለእሑድ ይደርሳል። ከዘነበች ቢጫ ሙዝ ጎን አስቀምጬ ሁለቱንም በቢላ እከፍታቸዋለሁ። የነገርኳትንም፣ ያልነገርኳትንም ለይቼ እናገራለሁ። ቢያምኑኝም ባያምኑኝም ይቅርታ የምጠይቀው ልጆቹን ነው።

ጋሼ ታምሩን ሳሉን በማር ያስታግስ በይልኝ። ኢዮስያስን ጉንጩን ሳሚልኝ፣ አክስቱ ያላወቀችውን ሁሉ አንብቦ ይንገራት። የአማትሽን ጉልበት ስሜያለሁ። ሮሆቦት እጅሽን ትስማለች። ከዚህ መስመር በታች ሁልጊዜ «ዘነበችም ናፍቃሻለች፣ ሰላም በይልኝ ብላለች» ብዬ እጽፍልሽ ነበር። ዛሬ ቦታውን ባዶ ትቼዋለሁ።

እህትሽ ደብሪቱ
ሀዋሳ፣ አዲስ ከተማ
መጋቢት 6 ቀን 1999 ዓ.ም.