የቀዩ አውራ ዶሮ ላባ

ይማምዬ፣ የልጄ አባት፤ አፈር ለብሶ ለተኛ ሰው እንዴት ከረምክ ይባላል እንዴ? ልማድ ሆኖብኝ ነው። ከተለየኸን ሁለት ክረምት አለፈ። ሦስተኛው ደግሞ ዳመናውን ዞብል ተራራ ላይ ቆልሎ፣ አልዘንብም ብሎ ያንገላታናል። ደህና ነን አልሃምዱሊላህ ልልህ ነበር፤ ግን ላንተ ዋሽቼ አላውቅም። ደህና አይደለንም።

የቤቱን ላስቀድም። ጎርፍ የበላውን የጓሮ ግድግዳ በብሎኬት አሠራነው። ባጃጅ በራችን ድረስ ይገባል፤ አንተ ላባ ተሸክመህ በእግርህ ስትለፋ ኖረህ! ዘሀራ በቁመት አልፋኛለች፤ ሥራህንም ይዛለች። እዚያችው ጓዳ ውስጥ፣ በትንሿ ሞርሳህ መንጠቆ እያሰረች የዓሣ ማጥመጃ ዝንብ ትሠራለች። ነጋዴው ከአዲስ አበባ መጥቶ ለፈረንጆቹ ይወስድላታል።

ሰው እንዴት ይስቅብህ ነበር! መንገድ ሊሠራ የመጣው ፈረንጅ መንጠቆ ላይ ላባ ጠምጥሞ ዓሣ የሚያታልል ዝንብ የመሥራትን ሙያ አስተምሮህ ሲሄድ፣ ቆቦ ዝንብ አንሶት ነው ወይ ሰውዬው ዝንብ የሚሠራው አሉ። እኔም ብሆን አልማርኩህም፤ ምሳህ ላይ የምታርፈዋን እያሳየሁ ይቺንስ አንተ ነህ የሠራሃት እልህ ነበር። አንተ ትስቅና እንጀራህን ትጠቀልላለህ።

ላባ ስትመርጥ ግን ትንፍሽ አልልም ነበር። ከአውራ ዶሮ አንገት የነቀልከውን ላባ ጸጉሩን ወደ ታች ላጥ አድርገህ መሐለኛውን አገዳ ብቻ ታስቀራለህ። ከዚያ በአውራ ጣትህ ጥፍር ላይ ታጥፈዋለህ፤ ከተሰነጠቀ ይጣላል። የሴት ዶሮ አጭር ነው፣ የጫጩት ይልማል ትላለህ። አንድ ጎኑ ጠቆር፣ አንድ ጎኑ ፈካ ያለ ሲገኝማ ዓይንህ ይበራ ነበር፤ እሱ መንጠቆው ላይ ሲጠመጠም የእውነት የዝንብ ሆድ መስሎ ቀለበት ቀለበት ይሠራልና። እንዳይሰበርም መጀመሪያ በሲኒ ውሃ ትነክረዋለህ።

ያን ቀይ ዶሮ ባታየው ምን ነበረበት? ጎረቤታችን ወይዘሮ አበበች የታመመ ባሏ ራስ ላይ አዙራ፣ ጭዳ ብላ መንታ መንገድ ላይ የጣለችውን። የዚያ ሰፈር ሰው ሁሉ ዞሮ ነው ያለፈው። ልጆች እንኳ ሸሹት። አንተ ግን ቁጭ ብለህ አንገቱን ነጭተህ፣ ላባውን በጣሳ ሞልተህ መጣህ። እንዲህ ያለ አገዳ በዕድሜዬ አላየሁም አልከኝ፤ ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ማር። ጮህኩብህ። በአላህ ይዤሃለሁ፣ ካነሳህበት መልስ አልኩህ። ዓሣ የማን ዶሮ ነው ብሎ አይጠይቅም ብለህ ሳቅክብኝ። በዚያው ክረምት ወባ ወሰደህ። የአበበች ባል ይኸው ተነስቶ ማሽላውን ያርማል። እኔ ምንም አልልም፤ ሰው ግን ይላል።

አሁን ወደ ጭንቄ ልግባ። ቀትር ላይ ቆቦ እንዴት ጭር እንደሚል ታውቃለህ፤ ውሻውም አይጮኽ፣ ቅጠሉም አይነቃነቅ። እኔና ዘሀራ ቁርቁራው ዛፍ ጥላ ስር ጋደም ብለን የዙሁር ሶላት እስኪደርስ እንጠብቃለን። ባለፈው በጋ አንድ ቀን ሰግደን ወደ ጓዳ ብንገባ ሲኒው ውሃ ተሞልቶ የቀዩ ዶሮ አገዳ ተነክሮበታል። እሷ እኔ መስያት፣ እኔ እሷ መስላኝ። ኋላ ሁለታችንም አልነካሁም ብለን ተማማልን። በሌላ ቀን ደግሞ ተልጠው ተገኙ፤ የሚሰነጠቁት ለብቻ፣ ደህናዎቹ ለብቻ ተለይተው። ልክ እንዳንተ! ዘሀራ አባዬ ነው አለች። ወላሂ እኔም ልቤ ደስ አለው።

ደስታችን ግን ልጄን በላት። ሌላ ላባ አልነካም አለች፤ ገብስማውን ሁሉ ለጎረቤት ልጆች መጫወቻ ሰጠች። ቀትር ሲሆን ምሳዋን ትታ ጓዳ ትገባለች፤ በሩን ዘግታ ትጠብቅሃለች። ገላዋ ይግላል። ጤና ጣቢያ ወስጄ ወባ የለባትም አሉኝ። ለጋብቻ የጠየቃትን ልጅ፣ ጨዋ ልጅ ነው ይማም፣ አባቴን ጥዬ የትም አልሄድም ብላ መለሰችው። ሰውነቷ አልቆ እጇ የላባ አገዳ አክሏል።

ዛሬ ጠዋት እህቴ ታመመች ብዬ ወደ ሮቢት በሚኒባስ ላክኋት። ጓዳውን ቆልፌ ቁልፉን ጡቴ ስር ከትቼ፣ ደጃፉ ላይ ቁጭ አልኩ። ምንም አልሰማሁም። ዙሁርን ሰግጄ ስከፍት፣ ሞርሳው ላይ አንድ መንጠቆ ታስሯል፤ ቀዩ አገዳም አንድ ስንጥቅ ሳይኖርበት ተጠምጥሞበታል። ሲያምር! አንስቼ በመስኮቱ ብርሃን አየሁት።

ግራኝ አልነበርክ ይማም? አገዳውን ሰው ሁሉ ከሚያዞርበት በተቃራኒ ነበር የምታዞረው። ዘሀራም ካንተ አይታ፣ በቀኝ እጇ የምትሠራ ሆና ሳለ እንዳንተው ነው የምታዞር፤ ነጋዴው የእናንተን ዝንብ የሚለየው በዚያ ነበር። ይኼኛው ግን ሰው ሁሉ እንደሚያዞረው በቀኝ የዞረ ነው።

አንተ አይደለህም።

መሬት ላይ ተዘርግቼ አለቀስኩ። ፈርቼ እንዳይመስልህ፤ መፍራቱ በኋላ ነው የመጣው። ከበጋው ጀምሮ ወደዚያ ጓዳ በገባሁ ቁጥር አሰላሙ አለይኩም እያልኩ፣ የግድግዳውን ወጪ፣ የወገቤን ሕመም፣ የልጅህን ጠያቂ፣ ሌላ ሰው የማይሰማውን ናፍቆቴን ሳይቀር ስነግር ነበርኮ። ለማን እንደነገርኩት አላህ ይወቀው።

ሚኒባሱ ልጄን ሳይመልሳት ጣሳውን ይዤ ወደ መንታ መንገዱ እሄዳለሁ፤ ጥዬውም ዘወር ብዬ አላይም። እሷ ስትመጣ አባትሽ አይደለም እላታለሁ። ትጠላኝ ይሆናል፤ ትጥላኝ፣ ብቻ በሕይወት ትኑርልኝ። አንተን ሁለተኛ ልትቀብርህ ነው፤ እኔ ደግሞ ገና የመጀመሪያዬ ነው። በየዱዓዬ ስምህን እጠራለሁ፣ ሳቅህን ለልጅ ልጆችህ አወራለሁ፤ አብሽር፣ አልረሳህም። ግን ከእንግዲህ ወደ ባዶው ጓዳ ስገባ ሰላም አልልም።