የቀኝ እግር ጫማዎች

ጥቅምት 3 ቀን 1970

ሰባተኛ «ለ»ን «ፔር» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል አስተማርኩ። ጥንድ ጫማ፣ ጥንድ ካልሲ... እስከዚህ ደህና። ሱሪና መቀስ ላይ ስደርስ ታቢታ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ሱሪ አንድ አይደል እንዴ? ለምን ጥንድ ይባላል?» ሁለት እግር ስላለው አልኳት። «ሸሚዝስ ሁለት እጅ አለው አይደል?» ክፍሉ ሳቀ። ነገ እነግርሻለሁ አልኳት።

እራት ላይ ለኩማ ነገርኩት። «ለብቻው የማይሸጥ ነገር ሁሉ ጥንድ ነው በያቸው» አለኝ። ባሌ ጫማ ነጋዴ ነው፣ ሌላ ምን ይላል?

ሱቁ ሁለት ጊዜ ከተሰበረ ወዲህ እሱና ሸሪኩ ሙህዲን ጫማውን ለያይተውታል። ግራ ግራው መናኸሪያው አጠገብ ሱቃቸው ውስጥ፣ ቀኝ ቀኙ እኛ አልጋ ሥር በጆንያ። ሌባ ግራ እግር ብቻ ምን ያደርግለታል? ገዢ ሲመጣ ኩማ በብስክሌት በሮ ቀኙን ይወስዳል። ዛሬም ስጠርግ ጆንያው እግሬን መታኝ። ተነጫነጭኩበት።

ጥቅምት 11

ኩማን ወሰዱት።

የከሰዓት ፈረቃ ስለሆንኩ ቤት ነበርኩ። አንድ ቀኝ ጫማ ሊወስድ መጥቶ ሳለ ሁለት የቀበሌ ዘበኞች ተከትለውት ገቡ። «ለትንሽ ጥያቄ ነው» አሉ። ጫማውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። «ገዢው እየጠበቀ ነው፣ ይመጣል በያቸው» አለኝ።

ሱቅ ሮጥኩ። ገዢው ግራውን አጥልቆ፣ ሌላውን እግሩን ካርቶን ላይ አሳርፎ ይጠብቃል። ሙህዲን ፊቴን አየና ሰውየውን «ነገ ይመለሱ» አለው።

ጥቅምት 14

ቀበሌው እስር ቤት ስንቅ ወሰድኩለት። ተቀበሉኝ። የትናንቱን ሳህን ባዶውን መለሱልኝ። በልቷል ማለት ነው። ከበላ አለ።

ጥቅምት 29

ሳህኑ ባዶ ነው።

ኅዳር 8

ሙህዲን መጣ። በር ላይ ቆሞ ብዙ ካመነታ በኋላ፣ «እህቴ፣ ግራው ብቻውን አቧራ እየለበሰ ነው... ጆንያውን ብወስደውስ?»

«ኩማ ሲመጣ» አልኩት።

«እሺ፣ ሲመጣ» ብሎ ሄደ። አልተቀየመኝም። ለምን ከለከልኩት? ጫማው ከወጣ ኩማ ወደዚህ ቤት የሚመጣበት ጉዳይ ያለቀ መሰለኝ። የእብድ ሐሳብ ነው፣ አውቃለሁ። ግን አልሰጠውም።

ኅዳር 15

ታቢታ መዝገበ ቃላት ተውሳ አገላብጣ መጥታለች። ሁለት በሬ ፔር ነው፣ ሁለት ተመሳሳይ ካርታ ፔር ነው፣ ባልና ሚስትም ፔር ናቸው አለች። ጎበዝ ብዬ ሰሌዳውን አጠፋሁት።

ኅዳር 27

ስንቁን አልተቀበሉኝም። ዘበኛው ቀና ብሎ ሳያየኝ ሳህኑን ገፋ አደረገው። «ከእንግዲህ አታምጪ።»

ወደ ሌላ ቦታ አዛወራችሁት? አልኩ።

«አታምጪ አልኩሽ እኮ።»

ከኋላዬ የተሰለፉት ሴቶች መንገድ ለቀቁልኝ። አታምጪ ማለት ምን እንደሆነ አዋሳ ውስጥ የማያውቅ የለም። ሳህኑን እንደያዝኩ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ሦስት ክፍለ ጊዜ አስተማርኩ። ምን አስተማርኩ? አላውቅም። ምንም አይሰማኝም።

ኅዳር 28

ከቀበሌ ሰው መጣ። ለቅሶ የለም፣ ድንኳን የለም፣ ሰው መሰብሰብ የለም አለ። እሺ አልኩት። እንባው ራሱ መቼ መጣና።

ታኅሣሥ 2

እሑድ። ሙህዲን ገና በጠዋቱ ግራ ግራውን ሁሉ በጋሪ ጭኖ መጣ። «ዛሬ እዚህ ነው የምንሸጠው» አለኝ። «ጫማ መሸጥ አልተከለከለም።»

ገባኝ። ጆንያውን ራሴ ጎትቼ አወጣሁት። ወለሉ ላይ ተቀምጠን ግራና ቀኙን እየፈለግን አገናኘን።

ከዚያ ሰዉ መምጣት ጀመረ። አንድም ሁለትም እየሆኑ... ጎረቤቶች፣ አስተማሪዎች፣ ከቱላ የኩማ ዘመዶች። ይቀመጣሉ፣ አንድ ጫማ ያጠልቃሉ፣ አውልቀው እጄን ጨብጠው ይወጣሉ። ቁጥሩን የጠየቀ የለም። አንድ ዘበኛ ብቅ ብሎ «ምንድን ነው ይሄ?» ሲል ሙህዲን «ጫማ ነው፣ ግባና ለካ» አለው። ቆም ብሎ አየንና ሄደ።

ወደ አሥር ሰዓት ላይ ጎረቤታችን እማማ ሙሉጌጥ መጡ። ከጎኔ ተቀምጠው አርባ ሁለት ቁጥር የወንድ ጫማ አነሱ። እግራቸው የሕፃን እግር ያህላል። ግራውንም ቀኙንም አጠለቁ።

«ጠበበኝ ልጄ» አሉ። እንባቸው ጉንጫቸው ላይ ወረደ። «በጣም ጠበበኝ።»

እኔም አንዱን ጥንድ ሳብኩና እግሬን ከተትኩ።

«እኔንም ጠበበኝ፣ እማማ» አልኳቸው። አለቀስኩ።