የአቶ ደጋጋ ዕዳና የእናቴ ለቅሶ

ለተከበሩ አቶ ሀብተሥላሴ፣
ሰንጋ ተራ፣ የኮንዶሚኒየማችን ነዋሪዎች ማህበር ሊቀመንበር

ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ቤተሰቡስ? ጉልበትዎን ያበርታልኝ፤ ለቀስተኛ አራተኛ ፎቅ ሳስወጣ ጉልበት ምን ያህል ጸጋ እንደሆነ አይቻለሁ።

ካዛንቺስ የተወለድኩበት ቤት ሲፈርስ፣ በካሳውና በእህቶቼ እርዳታ የአቶ ደጋጋን ቤት የገዛሁት ራሕዋ ነኝ። አቶ ደጋጋ የሦስት ዓመት መዋጮ ሳይከፍሉ እንደሄዱ የነገሩኝ እርስዎ ነዎት፤ ያውም እናቴ ባረፈችበት ጠዋት፣ የጋራ አዳራሹን ቁልፍ ልለምንዎ ስመጣ። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ቤቱን የገዛ ዕዳውንም ገዝቷል ብለው ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። እኔ አምስተኛ ክፍል ያቋረጥኩት ሴትዮ፣ ዕዳ የሚከተለው የተበደረውን ሰው ይመስለኝ ነበር። ውሉን ሳልፈርም ማህበሩ ቢሮ መጥቼ ስጠይቅ አንድ ቃል ብትተነፍሱ ኖሮ ለአቶ ደጋጋ ከምከፍለው የቤቱ ሂሳብ ላይ አስቀንሼ እከፍላችሁ ነበር። በቃ፣ እናንተ ግን ሰው እስኪሞትብኝ ጠበቃችሁ።

ሁለተኛ፣ ዕዳው ካልተከፈለ ብለው አዳራሹን ስለቆለፉብኝ አመሰግናለሁ። የማህበሩን ድንኳን ስጠይቅ ደግሞ የቀድሞው ሊቀመንበር ይዘውት ሄደዋል ተባልኩ። ስለዚህ የካዛንቺስ ጎረቤቶቻችን፣ በየዳርቻው ተበትነው ሁለት ሦስት ታክሲ ቀያይረው የመጡት ሁሉ፣ ደረጃው ላይ፣ ባዶ ሲሚንቶ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። እማማ ጦቢያ ከእናቴ ጋር ዕድሜ ልካቸውን በአንድ ግቢ የኖሩ ናቸው። ደረጃው አላስወጣቸው ብሎ፣ መኪና ማቆሚያው ላይ ከዘራቸውን ተደግፈው ብቻቸውን አለቀሱ። እኔ ከላይ በመስኮት አየኋቸው። ማለቴ፣ የእናቴን ሞት አንድ ቀን እለምደው ይሆናል። ይሄንን ግን አልለምደውም፣ ጌታዬ።

ሦስተኛ ልጽፍ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

የአቶ ደጋጋን ዕዳ እየቆራረጥኩ እከፍላለሁ። የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ የእናቴ አርባ ደርሷልና ለዚያች ለአንዲት ቀን አዳራሹን ይክፈቱልኝ። እማማ ጦቢያ ከሰው ጋር ተቀምጠው ያልቅሱ።

እርስዎን በማክበር፣
የካዛንቺስ ተነሺ፣ የአራተኛ ፎቅ ነዋሪ፣ በቅጡ የማላውቃቸው ሰው ዕዳ ወራሽ፣
ራሕዋ ካሳይ

ይቺን ልረሳት ነበር፦ ቤቱን የያዘ የቀድሞውን ባለቤት ዕዳ ከያዘ፣ የሊቀመንበርነቱን ወንበር የያዘም የቀድሞውን ሊቀመንበር ዕዳ ይዟል ማለት ነው። አዳራሹ አይከፈትም ካሉ፣ ለእናቴ አርባ ድንኳኑን ከእርስዎ ከራስዎ እጠብቃለሁ።