በአጃው ውስጥ ያለው እንቁላል

ዓርብ፣ መጋቢት 12 ቀን 2017

እማዬ ዛሬ ክንዴን ሳትይዝ ከአልጋዋ ተነሳች። ሐኪሙ ጡንቻዋ እየሟሸሸ ነው፣ እንቁላልና ወተት ያስፈልጋታል ካለ ወር ሊሞላው ነው። የንስሐ አባቷም እንድትበላ ፈቅደውላት ነበር። "ዕድሜዬን ሙሉ የጾምኩትን በመጨረሻዬ አላፈርስም" ብላ እምቢ አለች። እኔም ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በምትጠጣው አጃ ውስጥ እንቁላል እየመታሁ መጨመር ጀመርኩ። አላወቀችም።

"አየሽ ጾም ሲያበረታ" አለችኝ ቆማ። "እሑድ እንጦጦ ራጉኤል ውሰጂኝ፣ ልቁረብ።"

ደስ ሊለኝ ሲገባ ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ። ብነግራት ዳግመኛ ከእጄ አትቀምስም። ዝም ብል ደግሞ እንዴት አድርጌ አስቆርባታለሁ?

የዛሬውንም አጃ ጨርሳ ኩባያውን መለሰችልኝ። "እጅሽ ይባረክ" አለችኝ።