በቀትር የጠራሽው ልጅ

ይድረስ ለእናኑ፣ ለቤቴ ምሰሶ። እንደምን ከርመሻል ልበልሽ ወይስ ምን ልበልሽ፣ አላውቅም፤ የሞተ ሰው እንዴት ሰላም እንደሚባል ያስተማረኝ የለም። አንችን አፈር ካለበስንሽ ወዲህ ክረምቱ ገብቶ ወጣ፤ ያን ጊዜ ገና ይዘራ የነበረው ገብስ ዛሬ ታጭዶ ተከምሯል። እኔ ደኅና ነኝ። ጉልበቴም ዐይኔም አሉ፣ ምላሴማ ታውቂዋለሽ።

ይህን የምትጽፈው ልጅሽ ትርንጎ ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ ባለመቁጠሬም የተነጠቅሁት መሬት የለም። እሷ ቢሮ የምትውል ሰው ስለሆነች ነገር ማለስለስ ትወዳለች። እኔ ያልሁትን ብቻ ጻፊ፣ አንችን የሚነካ ነገር ቢመጣም እንዳትዘልዪ ብየ አስምያታለሁ።

የቤቱን ልንገርሽ። ቀይዋ ላም ወለደች፤ ጥጃዋ ሸጋ ናት፣ ግንባሯ ላይ ነጭ አለባት። ከብቱን ለወንድሜ ልጅ ሰጥቼ፣ ያንን የሊማሊሞ አፋፍ ትቼ፣ ጎንደር ማራኪ ትርንጎ ቤት ገብቻለሁ። ሰፈሩን የሞላው ቤት የተከራየ ተማሪ ነው። ሁሉም ጆሮው ውስጥ አንዳች ነገር ወትፎ ብቻውን እያወራ ይሄዳል፤ መጀመሪያ ያበዱ መስለውኝ ነበር። የማርያም ማኅበርሽን ትርንጎ ተተክታ ይዛዋለች። የመጀመሪያው ጠላዋ ቀጠነ። ሴቶቹ አፍረው ዝም አሏት፤ እኔ ነገርኋት።

ፍትሐትሽም አርባሽም በወጉ ተደርጓል። የጎደለ አንድ ሰው ነበር፤ እሱም አንች ብቻ ክንዴ እያልሽ የምትጠሪው የመጨረሻ ልጅሽ፣ ሄኖክ ነው። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም የእሱ ነገር ነው።

አንች ስትሞች እሱ ባሕር ማዶ ትምህርቱ ላይ ነበር። ትርንጎ፣ አይነገረውም አለች። እኔም ያን ጊዜ ተስማማሁ፤ መርዶ በስልክ አይነገርም። መርዶ የሚነገረው ዘመድ ተሰብስቦ፣ ገና ሳይነጋ በር አንኳኩቶ፣ ሰውየውን ግራና ቀኝ ይዞ ነው። ብቻውን ሆኖ የሰማ ሰው ልቡ ይፈርሳል። እዚያ ማን ይይዘዋል? እናም እናትህ ጠበል ገብታለች አልነው። ቆየት ብለን ሱባኤ ይዛለች አልነው። ከዚያም ደውሎ ባገኘን ቁጥር ተኝታለች እንለው ጀመር። ስልኩ ሲጮህ ትርንጎ ጥቁሯን አውልቃ ነጭ ትለብሳለች፤ እኔ የተላጨ ራሴን በቆብ እሸፍናለሁ። ከዚያ ሁለታችን ጎን ለጎን ተቀምጠን ጥርሳችንን እናሳየዋለን። ስልኩ ሲዘጋ ደግሞ ጥቁራችንን እንለብሳለን። አንድ ቀን ቀና ብየ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶሽን ሳየው፣ የምትታዘቢን መሰለኝ።

በዚህ መሀል የልጁ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ሦስት ጓደኞች አሉት፤ አንዱም የእኛ አገር ሰው አይደለም። ቦርሳ በጀርባቸው አዝለው ደቡብ አሜሪካ ሄዱ። የከተማውን ስም ትርንጎ ትጻፈው፣ ለእኔ ምላስ አይመችም፤ ቦነስ አይረስ ይባላል። ምን ልትሠሩ ሄዳችሁ ብየ ብጠይቀው፣ አገር ልናይና ኳስ ልናይ አለኝ። ዛሪማ ገበያ የሚወርድ ሰው እንኳ የሚያዝለው የሚሸጥ ነገር ይዞ ነው፤ እነዚህ የተማሩ ጎረምሶች ካልሲያቸውን ተሸክመው አገር ይዞራሉ። የሚያድሩት ደግሞ ከማያውቁት ሰው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ነው፤ አልጋው እንደ ቆጥ አንዱ ባንዱ ላይ ተደርቧል። አንች ብትኖሪ ትስቂ ነበር። ስቀሽም ለብቻሽ ታለቅሽ ነበር።

የኳስ ፍቅሩን ታውቂዋለሽ። እረፍት መጥቶ ከእኛ ጋር በስልኩ ኳስ ያየን ዕለት፣ አንች በረኛውን እያየሽ፣ ይህ ልጅ ምን አጥፍቶ ነው ብቻውን ያቆሙት ብለሽ ነበር። ኳስ ባለፈበት ቁጥር አይዞህ ትይዋለሽ። ሄኖክ መሬት ላይ ተንከባሎ ሳቀ።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ላስታውስሽ። በአገራችን ባል ሲጣራ ሚስት አቤት ትላለች። አንች ግን ከተዳርሽበት ሳምንት ጀምሮ ለእኔ መልስሽ ወይ ነበር። እናቴ አፏን ይዛ ቀረች፤ እኩያን ወይ ይሏል፣ ታናሽን ወይ ይሏል፣ ባልንም ወይ አለችው ብላ ለአገሩ አወራች። እኔም መጀመሪያ ተቆጣሁ። ኋላ ግን ከገደሉ ማዶ ሆኜ እናኑ ብየ ስጣራ፣ ያ ወይታሽ ገደሉን ይዞ ሲመጣ፣ ይህችን አቤት በምትል ሴት ቢለውጡብኝ እንቢ እላለሁ እስክል ድረስ ወደድሁት። ሌላ ሴት እንዲያ ስትመልስ በዕድሜየ ሰምቼ አላውቅም።

እሑድ ነበር። እዚህ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፤ እዚያ ግን ቀትር ነው። ሄኖክ ከኳሱ ሜዳ ሆኖ ደወለና በስልኩ ሕዝቡን አሳየን። እናኑ፣ ለጥምቀት ቀሐ የሚወርደውን ሕዝብ ታውቂዋለሽ፤ እንደዚያ ያለ ሕዝብ ገደል ላይ እንደተሰቀለ ዝንጀሮ ደረጃ በደረጃ ተደርድሯል። ከበሮ አለ፣ ጢስ አለ፣ የተቀደደ ወረቀት እንደ በረዶ ይወርዳል። ጓደኞቹ አንገታቸውን እያሰገጉ በሰባራ አማርኛ፣ አባባ ሰላም ይሉኛል። ቦርሳቸው አሁንም ጀርባቸው ላይ ነው።

ድንገት ያ ሁሉ ሕዝብ ከመቀመጫው ተነሥቶ ዝም አለ። ስልኩ የተበላሸ መስሎኝ ነቀነቅሁት። ሄኖክ በሹክሹክታ፣ ሰው ሞቶባቸዋል፣ ከጨዋታው በፊት ለአፍታ ቆመው ሊያስቡት ነው አለኝ። ለጨዋታ የመጣ ሕዝብ ለሙት ሲቆም አይቼ ወደድኋቸው። ልጃችንም ባርኔጣውን አውልቆ ራሱን ደፍቷል። የማን ሙት እንደሆነ አያውቅም። ትርንጎ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ያን ጊዜ ነው ከኋላው ያየኋት። ሁሉም ሰው ቆሞ አንዲት ሴት ብቻ ተቀምጣለች። ነጭ ተከናንባለች። ክንብንቧ ወደ ግራ ያዘነበለ ነው፤ አንች ጆሮሽን የሚያምሽ ጊዜ እንደምታደርጊው። ፊቷ አይታይም። ጢሱ ያልፋል፣ ወረቀቱ ይወርዳል፣ እሷ ላይ ግን አንድም አያርፍም። ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ከሆዴ ፈንቅሎ ወጣና፣ እናኑ! ብየ ጮህሁ።

ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ አፍ ወይ አለ።

ወይ፣ ወይ፣ ወይ፣ ወይ። ከበሮው ተከተለው። ምድር ሙሉ ሰው በአንች ቃል መለሰልኝ። ትርንጎ፣ ዘፈናቸው ነው፣ ኳስ ተመልካች ሁሉ እንዲህ ነው የሚጮኸው ትላለች። ሴትዮዋንም፣ የዝናብ ልብስ የለበሰ ሰው ነው አለችኝ። ያ ሁሉ ፀሐይ እያቃጠለ የምን የዝናብ ልብስ ነው አልኋት።

ሄኖክ ወደ ኋላው ዞረ። ሲመለስ ፊቱ ሌላ ነበር።

“አባየ፣ እማየ ተነሣች እንዴ? አሁን ክንዴ ብላ ጠራችኝ።”

“ምን አልሃት?”

“አቤት አልኋት።”

“ስንቴ ጠራችህ?”

“አንዴ።”

ከዚህ በኋላ ምስሉ ደረቀ። ልጁ አፉን እንደከፈተ፣ አንገቱ ግማሽ እንደዞረ ቀረ። ሴትዮዋ የነበረችበት ቦታ ባዶ ነው። ስልኩም ጠፋ።

ልጆቹን ያስተማርሻቸው አንች ነሽ። በቀትር ስማችሁ ቢጠራ እስኪደገም ጠብቁ፣ ሰው ከሆነ ይደግመዋል፣ ሌላ ከሆነ ግን ጥሪው አንድ ነው ትያቸው ነበር። ስለ ወንድምሽ ነበር እንዲያ የምትይው። ቆላ ወርዶ ማሽላ ሲጠብቅ በቀትር ተጠራ፤ አቤት ብሎ ወደ ማሽላው ገባ። ጓደኞቹ አገዳው ሲነቃነቅ አይተዋል። በሌላ በኩል ሲወጣ ያየው የለም። አጽሙን እንኳ አልቀበርነውም።

እኔ ፈሪ አይደለሁም። ጅብ በር ላይ ሲያለቅስ ተነሥቼ የማባርር ሰው ነኝ። ያን ምሽት ግን ፈራሁ። ነገሩ ገብቶኛል፤ ሁሉም አልቅሶ ሸኝቶሻል፣ አንድ ልጅሽ ብቻ አላለቀሰልሽም። የልጅ እንባ ያልተከተለው ሙት መንገዱ ላይ ቆሞ ወደ ኋላ ያያል ይላሉ አባቶች። አንች ቆመሽ ስታይ ከርመሽ፣ ቢቸግርሽ ልትጠሪው ሄድሽ። እሱም መልሶልሻል።

ለትርንጎ አሁኑኑ ይነገረው አልኋት። እንቢ አለች። እዚያ ቢወድቅ ማን ያነሣዋል፣ መርዶ በስልክ የነገረ አባት ተብለው በአገር ይሰደቡ እንዴ አለችኝ። ልሰደብ አልኋት። ስድብ አይቀብረኝም፤ ልጄን ግን እንደ አጎቱ እነጠቃለሁ። ስልኩን ደረቷ ላይ ይዛ አለቀሰች። ከዚያ ራሷ ደወለች፤ አይነሣም። እንደገና ደወለች፤ ይጮሃል፣ አይነሣም። ስልኩ በጮኸ ቁጥር፣ ያ ልጅ ቦርሳውን አዝሎ በሕዝቡ መሀል ነጭ ልብስ ተከትሎ ሲሄድ ይታየኛል። ጓደኞቹ ይጣሩታል፤ እሱ አይሰማም።

ሲያነሣው ጨዋታው አልቆ መንገድ ዳር ቆመው ነበር። የት ነበርህ አልሁት። በር አካባቢ አንዲት ሴት እማየን መስላኝ ተከትያት፣ ትልቁ ጓደኛየ ቦርሳየን ይዞ መለሰኝ አለ። እየሳቀ ነው የነገረኝ። ያ የሳቅሁበት ቦርሳ ነው ልጄን ያተረፈልኝ።

ቦርሳህን አውርድ አልሁት። አወረደ። ተቀመጥ፣ ጓደኞችህንም ግራና ቀኝ አስቀምጣቸው፣ እጅህን እንዲይዙህ ንገራቸው አልሁት። ያን ጊዜ ሳቁ ጠፋ፤ የእኛ አገር ልጅ ነውና ግራና ቀኝ መያዝ ምን እንደሆነ ያውቃል። በቋንቋቸው ነገራቸው፤ ያዙት።

“ሄኖክ፣ እናትህን ቀብረናታል።”

እንደ ወንድ አለቀሰ። ደረቱን ሊመታ ሲል ጓደኞቹ እጁን አልለቀቁትም። ያ ትልቁ፣ ጢሙ እንደ መነኩሴ የወረደው፣ ከእኛ ቋንቋ ሰላምታ ብቻ የሚያውቀው፣ አብሮት እየየ አለ። ኳስ አይተው የሚመለሱ ሰዎችም መዝሙራቸውን እየተዉ በዙሪያቸው ቆሙ። እናኑ፣ ያለ ለቅሶ አልቀረሽም፤ የማታውቂው አገር ሰው አደባባይ ላይ ቆሞልሻል። ከዚያ ልጁ ድንገት ቀና አለ።

“አባየ፣ ታዲያ የጠራችኝ ማናት?”

የጓደኞችህን እጅ እንዳትለቅ አልሁት።

አልቆጣሽም። አንድ ነገር ብቻ ይገርመኛል፤ ከደባርቅ ጎንደር ለመምጣት እንኳ አሥር ሰው መንገድ የምትጠይቂ ሴት፣ ያን ሁሉ ባሕር ማን አሻገረሽ? አሁን ግን ልጁ አልቅሶልሻል። የምትፈልጊው እሱን ከሆነ አግኝተሽዋል። ለጥምቀት አገሩ ይገባል፤ መቃብርሽ ላይ ወድቆ የቀረውን እንባ ያፈስልሻል። እስከዚያ ለጓደኞቹ፣ በቀትር ብቻውን እንዳትተዉት ብየ አስነግሬያቸዋለሁ። ምክንያቱን አልጠየቁኝም፤ ሸጋ ልጆች ናቸው። አንችም ወደ መንገድሽ ዙሪ። እሱ ገና አላገባም፣ ገና አልወለደም። የሚመጣ ሰው ካስፈለገሽ እኔ አለሁ፤ ሽማግሌ ነኝ፣ መንገዱም አያስፈራኝም። ትርንጎ ይህችን አልጽፍም ብላ ነበር፤ መሐላዋን አስታውሻት ጻፈቻት።

እኔ አንችን አልረሳም፤ ሙት ዓመትሽ አይታጠፍም፣ ስምሽም ከቤቴ አይወጣም። ጠዋት ስነሣ እጠራሻለሁ፣ ማዕድ ሲቀርብ እጠራሻለሁ። ግን በሆዴ ነው፤ ድምፅ አላወጣም። አውቅሻለሁና፣ ከጠራሁሽ ትመልሻለሽ።