ለጋሽ ወልደገብርኤል፣ እግሬን ስላሳረፉልኝ

ይድረስ ለተከበሩ ጋሽ ወልደገብርኤል፣
የከተማው የጌሊክ ኳስ ምርጥ ቡድን አሰልጣኝ፣
ቶሮንቶ

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ በተለይም ዳኛ ላይ የሚጮሁበት ድምፅዎ ደህና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በጣም ደህና ነኝ፤ ሰመሩን፣ የፈረንጁን በጋ፣ ሙሉ አሳርፈውኝ እኔ ደህና ካልሆንኩ ማን ሊሆን ነው!

ዘርይሁን ነኝ፤ በክሬሰንት ታውን ክለብ ግራ ተከላካይ፣ በእርስዎ ምርጥ ቡድን ደግሞ የመጨረሻው ተጠባባቂ። በአደባባይ የምጽፈው ለመክሰስ ሳይሆን ለማመስገን ነው፤ ምስጋናዬም እንዳይደባለቅ በተራ ቁጥር አስቀምጬዋለሁ።

፩. ከአይሪሾች ጋር ግንባታ እየሠሩ የለመዱትን፣ በእጅም በእግርም የሚጫወቱትን ይህን ኳስ ለእኛ ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። ለምርጥ ቡድኑ ሲጠሩኝ እናቴ እልል አለች፤ እኔም ሬክስዴል ሰፈር መጋዘን ውስጥ ያለኝን የሥራ ሺፍት ቀይሬ መጣሁ። «ከዛሬ ጀምሮ እግርህ የከተማው ነው፤ ለክለብህ ተጫውተህ ብትጎዳ አልምርህም» አሉኝ። እግሬ እንዲህ ያለ ባለሥልጣን መሆኑን እስከዚያች ቀን አላውቅም ነበር።

፪. ይህን የተከበረ እግር በየጨዋታው ወንበር ላይ አስቀምጠው ከጉዳት ጠብቀውልኛል። አንድ ቅዳሜ ብቻ «ዘርይሁን፣ ተነሳ!» ብለው ሲጣሩ ቱታዬን አውልቄ ወደ መስመሩ ሮጥኩ። ለካስ የተቀመጥኩት ጃኬትዎ ላይ ኖሯል።

፫. በዚያው ቅዳሜ ክለቤ ለዋንጫ ይጫወት ነበር። አሰልጣኛችን ወይዘሮ ኤልፍነሽ «ለአንድ አጋማሽ እንኳ ያውሱን» ብለው ቢለምኑዎት፣ የወዳጅነት ግጥሚያ አለብኝ ብለው እምቢ አሉ። በእኔ ቦታ የገባው ጨዋታ ሊያይ የመጣው የታክሲ ሹፌር ዑራኤል ነው። ኳሷን በእጅ መያዝ እንደሚቻል የተነገረው ሜዳ ከገባ በኋላ ሲሆን፣ መልቀቅም እንዳለበት የነገረው ሰው ስላልነበረ ታቅፏት እስከ መኪና ማቆሚያው ሮጠ። በአንድ ነጥብ ተሸነፍን። ወይዘሮ ኤልፍነሽ ደውለው ሲነግሩኝ «አይዞህ፣ አንተ ምን ታደርግ» አሉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

፬. በማግስቱ ከምርጥ ቡድኑ ቀነሱኝ። ምክንያቱን ብጠይቅ «ሰመሩን ሙሉ ስላልተጫወትክ ብቃት የለህም» አሉኝ። ይህን ከእርስዎ የበለጠ የሚያውቅ ሊኖር ስለማይችል አልተከራከርኩም።

አንገቴን ደፍቼ ወደ ክለቤ ተመለስኩ። አምበላችን ሃብታሙ ነገር ሳያበዛ ማሊያዬን ወረወረልኝና «ግራ ነህ» አለ። በሚቀጥለው እሁድ ጨዋታ ትንፋሼ እምቢ አለኝ፣ ጉልበቴ ተላጠ፣ እንደገናም ተሸነፍን፤ ደስ ብሎኝ ግን ስስቅ ዋልኩ።

ስለዚህ ጋሼ፣ በትሕትና የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዳር ላይ የሚያስቀምጡትን ልጅ ካላጫወቱት፣ እባክዎ ለክለቡ ይልቀቁት።

ለእግሬ ከእኔ በላይ ለተቆረቆሩት አባት እስከ መሬት ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሳ፣ ያረፍኩ አገልጋይዎ፣

ዘርይሁን

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለመጪው እሁድ ሰው እንደጎደለብዎት ዛሬ ጠዋት ደውለው ነግረውኛል። ክለቤ ጨዋታ ስላለበት አልመጣም፤ ግን አይጨነቁ፣ ቁምጣ ለብሰው እርስዎ ራስዎ ይግቡ። ለሠላሳ ዓመት ያረፈ እግር አለዎት፤ እግርን እያሳረፉ መጠበቅ በሚለው ትምህርትዎ ከሆነ ደግሞ የሚቋቋመው የለም።