የከረጢቱ ውስጠኛ ሽፋን

ቅዳሜ፣ የካቲት 8
ገበያው ደህና ነበር። ሁለት ሣጥን ዓሣ ከረፋዱ በፊት አለቀ። ከዚያ ሆስፒታል... የባለቤቴን ሐሞት ከረጢት ጠዋት አወጡት። ጠጠር ሞልቶበታል። ቀዶ ሐኪሙ ግን «ግድግዳው ወፍሯል፤ አላማረኝም፤ ይመርመር» አለ። ነርሷ ከረጢቱን በብልቃጥ ሰጠችኝ። «ማቆያ መድኃኒቱ አልቆብናል። ላብራቶሪ ይጨምሩበታል፤ ዛሬውኑ ያድርሱት።» ስደርስ ተዘግቷል። እስከ ሰኞ... ታዲያ ምን ችግር አለ? ሃያ ዓመት ዓሣ ሸጬ፣ ሥጋ እንዴት እንደሚቆይ ለእኔ ይነገረኛል? ሱቅ ወስጄ ፍሪዘር ውስጥ ከተትኩት።

ሰኞ፣ የካቲት 10
አደረስኩ። የላብራቶሪዋ መርማሪ ክዳኑን ከፍታ ብልቃጡን ወደ መብራቱ አዞረች።
«ማን ነው ያቀዘቀዘው?»
«እኔ ነኛ። እንዳይበላሽ ብዬ።»
«ውይ፣ እትዬ...»


ሐሙስ፣ የካቲት 13
ተጠራሁ። መርማሪዋ መጀመሪያ የሌላ ሰው ከረጢት በማይክሮስኮፕ አሳየችኝ። ውስጡ እጥፍጥፍ ነው፣ እንደ ከፋይ ጨርቅ። በእጥፋቶቹ ላይ ረጃጅም ሴሎች ተጠጋግተው ቆመዋል። አንድ ረድፍ ብቻ! «ከጉበት የሚመጣው ሐሞት ቀጭን ነው። እነዚህ ውሃውን ይመጥጡና ያወፍሩታል» አለች። ከሥራቸው ስስ ሽፋን፣ ከዚያ ወዲያው ጡንቻ፣ ከጡንቻው ማዶ ጉበት። ይህን ያህል ይቀራረባሉ።
ቀጥላ የእኛን አስገባች። ረድፉ የለም። ብጥስጥስ፣ ቀዳዳ በቀዳዳ... ሴሎቹ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሲሆን አፈንድቷቸዋል።
«ካንሰር አለ» አለች። «ሽፋኑ ላይ ብቻ ከሆነ ከከረጢቱ ጋር ወጥቷል። ጡንቻው ውስጥ ከገባ ግን ከጉበቱም መቆረጥ አለበት። የትኛው እንደሆነ ከዚህ ላይ ማንበብ አልችልም።»
«ሌላ ቁራጭ የለም?»
«ያለው ይኸው ነው።»

ዓርብ፣ የካቲት 14
አልነገርኩትም።

እሑድ፣ የካቲት 16
ቤት ገባ። ቀልዱ አልተለየውም። «ሐሞቴን አውጥተውታል፤ ከእንግዲህ አንቺን ብፈራ አትፍረጂብኝ።» ሳቅኩለት።
«ውጤቱስ?»
ካንሰሩን ነገርኩት። የቀረውን... «ጥልቀቱ አልታወቀም፤ ላብራቶሪው አበላሽቶታል» አልኩ። አፌ ቀደመኝ? አይ። አስቤበት ነው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 18
ሁለታችንም ሐኪሙ ጋ ሄድን። «ካላወቅን፣ ጠልቋል ብለን ከጉበቱ እንቁረጥ። ግን ልቡ ደካማ ነው፤ ከቀዶ ጥገናው ላይነሣ ይችላል።» ሽፋኑ ላይ ብቻ ከነበረስ? በከንቱ ነዋ! ባለቤቴ ከበሩ ሳንወጣ ጀመረ። «ያቺን መርማሪ ከሥራዋ ካላስባረርኳት!» ልብሱን እየጎተትኩ ታክሲ ውስጥ አስገባሁት። እዚያው ነገርኩት። ፍሪዘሩን፣ ውሸቱን፣ ሁሉንም።
ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።
«ቢያንስ ተቆጣኝ» አልኩት።
«ምን ይጠቅመኛል?»

ሰኞ፣ የካቲት 24
ነገ ከጉበቱ ይቆረጣል። ወስኗል። ሳያማክረኝ እህቱን አስጠርቷል፤ ሆስፒታል ስደርስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። የስምምነት ወረቀቱ ሲመጣ እንደ ወትሮዬ እስክሪብቶ ፍለጋ ቦርሳዬን ከፈትኩ። የቤታችንን ወረቀት ሁሉ የምፈርም እኔ አይደለሁ?
«ተይው፣ የኔ እመቤት» አለ፣ በለሰለሰ ድምፅ። «አንቺ ደክመሻል። እሷ ትፈርም።»
እህቱ አየችኝ። ነርሷም አየችኝ። «የታማሚው የቅርብ ሰው» በሚለው መስመር ላይ እህቱ ስሟን ጻፈች። እስክትጨርስ መነጽር ማስቀመጫዋን ይዤላት ቆምኩ።